ዘነበች «አትክፈቺ» ያለችኝ ቀን

ሙት ተመልሶ መጣ፣ ጥላ ታየ በሚባል ወሬ አምኜ አላውቅም፣ የሰፈራችን ሴቶች እንዲህ ያለውን ሲያወሩ እንዝርቴን ይዤ ዞር የምል ሰው ነበርኩ። ወታደር ባል ቀብሬ፣ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እየፈተልኩ አንድ ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ለተረት ጊዜ አልነበረኝም። አሁን የምናገረውም የባሌ እህት ዘነበች በየለቅሶው «እትዬ ሙሉን ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷታል» እያለች ስለምትዞር ነው።

ልጄ ዳዊትም እንደ አባቱ ወታደር ሆነ። ድምፁን ከሰማሁ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። በዓመት ሁለቴ የማትመጣዋ ዘነበች በዚያ ሳምንት በየቀኑ መምጣት ጀመረች፣ ምሳዬን ጨው በዛው ሳትል በላች፣ ልብ በሉልኝ፣ ይህች ሴት በሠርጌ ቀን ወጤን ያማች ናት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ለዳዊት ጋቢ የሚሆን እፈትላለሁ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ውሻው ተነሳ። አልጮኸም፣ ጅራቱን እየቆላ ወደ ውጭው በር ሄደ። ቀጥሎ ጫማ ድንጋዩ ላይ ሲጠረግ ሰማሁ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ። ከዚያ ሰንሰለቱ። ዳዊት ከልጅነቱ ጀምሮ በር አያንኳኳም፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ጣቱን አስገብቶ ሰንሰለቱን ሁለቴ ያንቃጭላል። እመኑኝ፣ ሁለቴ ተንቃጨለ።

ከደስታዬ ብዛት ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ዘነበች እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አትክፈቺ፣ እትዬ።»

«ምን ሆነሻል? ልጄ ነው እኮ።»

«ዳዊት ይሙት፣ ነፋስ ነው።»

ታግዬ አስለቅቄ በሩን ስከፍት ማንም የለም። ሰንሰለቱ ይወዛወዛል፣ ድንጋዩ ላይ እርጥብ ጭቃ ተጠርጓል።

በማግስቱ ሊነጋ ሲል የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው መጡ። የባሌን መርዶ ያመጡልኝም በዚያው ሰዓት ነበር፣ ስለዚህ «እንደምን አደርሽ» ሳይሉኝ አወቅሁ። ዘነበች ከኋላቸው ቆማለች። ለካ ሳምንት ሙሉ ስትመላለስ የነበረው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግረኝ ልትጠብቀኝ ኖሯል። የልጄን ሞት በሆዷ ይዛ እንጀራዬን ቆረሰች። የሞተውን ልጅ ይሙት ብላ ማለችልኝ።

እሱንስ ወግ ነው ብዬ በተውኩት። ግን በአርባው ቀን ሰው ፊት ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ምን ሰምተሽ ነው አትክፈቺ ያልሽኝ?»

«ምንም አልሰማሁም። ልትከፍቺ ስትነሺ ነው የያዝኩሽ።»

አልተነሳሁም ነበር። እንዝርቱ እጄ ላይ እየዞረ ነበር።

ያን ለት ቶሎ ብነሳስ እያልኩ አድራለሁ። በሩን ክፍት ትቼ ሰንሰለቱን ፈትቼ ጣልኩት፣ ጎረቤት ሌባ ይገባብሻል ቢለኝም አልሰማሁ። ኋላ ደግሞ ሰንሰለት ከሌለ በምን ያንቃጭላል የሚል ጭንቀት ገባኝና መልሼ ሰቀልኩት። ጋቢው ተሸምኖ አልቆ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ዝናብ ባባራ ቁጥር ውሻው ጅራቱን እየቆላ ወደ በሩ ይሄዳል፣ እኔም ቀድሜ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰንሰለቱ ግን አይንቃጨልም።