«አገናኝ»ን ማን ጀመረው?

«መኪና ውስጥ ነው የጀመርነው በይ። በቃ፣ ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም» አለ ያፌት፣ የሬዲዮ ጣቢያው ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ።

ሆሣዕና ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከበሩ ወዲያ የአማርኛው ፕሮግራም አዘጋጅ እትዬ አዲስአለም ማስታወቂያ ሲያነቡ ይሰማል። ማስታወቂያው እንዳለቀ የሚገቡት እነሱ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው የወጣቶች ቀን ላይ ያጫወቱት ጨዋታ ከአፍ ወደ አፍ ተዛምቶ፣ አሁን ትልልቆቹም ሳይቀሩ ከአምልኮ በኋላ ይጨቃጨቁበታል። እትዬ አዲስአለምም ማን እንደፈጠረው ለአድማጭ እንዲያወሩ ሁለቱን ጋብዘዋል።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት የአማርኛ ፊልም ተዋናዮች ይጠራሉ። ተጫዋቹ አንዱን ከሌላው፣ አብረው በሠሩባቸው ፊልሞች በኩል ማገናኘት አለበት። ለምሳሌ ሙሽራዋን ሆና የሠራችው ተዋናይ ዘበኛውን ሆኖ ከሠራው ጋር በሠርጉ ፊልም ላይ ነበረች፤ ዘበኛው ደግሞ ከዶክተሩ ጋር በሆስፒታሉ ፊልም ላይ ነበር፤ ስለዚህ ሙሽራዋና ዶክተሩ በዘበኛው ተገናኙ ማለት ነው። በጥቂት ሰው ያገናኘ ያሸንፋል። ስሙም «አገናኝ» ነው።

ችግሩ፣ ጨዋታው መኪና ውስጥ አልተጀመረም።

«እንዳልሆነ ታውቃለህ» አለችው ሆሣዕና።

«አታካብጂ፣ አቦ። ማን ኬር ያደርጋል?»

ኬር የሚያደርጉ፣ ግድ የሚላቸው ሰዎች ነበሩ። አንዷ ራሷ ሆሣዕና ናት። ሌሎቹ ደግሞ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኢቶቢኮ ነው የሚኖሩት።

ሆሣዕና ትንሽ ልጅ ሳለች እናቷ ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ እስክትመለስ የምትቆየው ጎረቤታቸው እትዬ መኪያ ቤት ነበር። ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር፣ አሁንም በሚኖሩበት ፎቅ፣ ከሊፍቱ አጠገብ ያለው ቤት። የእትዬ መኪያ ልጅ ፈትሂያ እኩያዋ ናት። ከትምህርት ቤት ተመልሰው የቤት ሥራቸውን ከጨረሱ እትዬ መኪያ ቴሌቪዥኑ ላይ የአማርኛ ፊልም ይከፍታሉ፤ ሦስቱም ያችው ጠባብ ሶፋ ላይ ይጠጋጋሉ። በቤቱ አንድ ሕግ ነበር። ፊልሙ ቢያልቅም የሠሪዎቹ ስም ወጥቶ እስኪያበቃ ማንም አይነሳም።

ምክንያቱ የእትዬ መኪያ ታናሽ ወንድም ኢስሀቅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የፊልም መብራት ሠራተኛ ነው። ስሙ የሚመጣው መጨረሻው አካባቢ፣ ደቃቅ ሆኖ፣ ከሹፌሮቹና ከምግብ አቅራቢዎቹ ጋር ነው። በየትኛው ፊልም ላይ እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ይጠበቃል። ስሙ ሲመጣ እትዬ መኪያ ደረታቸውን ይዘው «አያችሁት?» ይላሉ፤ ሁሉም አይቶታል። ካልመጣ ደግሞ «በዚህኛው አልጠሩትም» ብለው ቅር እያላቸው ይዘጉታል።

ሆሣዕና ይህ የዓለም ሁሉ ሥርዓት ይመስላት ነበር። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር መጀመሪያ ሲኒማ የሄደች ቀን መብራት በርቶ ልጆቹ ሲነሱ ነውር ነው ብላ ተቆጥታቸዋለች። ጽዳት ሠራተኛው ፋንዲሻውን እየጠረገ አጠገቧ እስኪደርስም አልተነሳችም። አማርኛ ማንበብ የተማረችውም ከእነዚያ ስሞች ነው። እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስ ስታነብ ፊደሉ ወደ ላይ ሸሽቶ የሚያመልጣት ይመስል ትጣደፋለች።

ስሞቹ ግን ረጅም ነበሩ፤ ልጆች ደግሞ ይሰለቻቸዋል። አንድ ቀን ፈትሂያ ድንገት ይሄ ዘበኛ የሆነው ሰውዬ የሠርጉ ፊልም ላይ አልነበረም ወይ ብላ ጠየቀች። ነበር። የሆስፒታሉም ላይ ነበር። እንዲያውም ያ ሰውዬ ዘበኛ ያልሆነበት ፊልም ያለ አይመስልም። ፈትሂያ እንደ አስተማሪ እግሯን አነባብራ፣ «እስቲ ሙሽራዋን ከዶክተሩ ጋር አገናኙልኝ» አለች። እትዬ መኪያ ዝም በሉ እስኪሉ ድረስ ተከራከሩ፤ በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንደዚያው። እነዚያ ቀኖች ሆሣዕናን ይናፍቋታል። ሶፋው ሳይቀር ይናፍቃታል።

ያፌት የመጣው በኋላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ ጨዋታውን ያስተማረችው እሷ ናት። አባቱ ጋሼ ሽፈራው ቅዳሜ ቅዳሜ ከመዘምራን ልምምድ ሁለቱንም በመኪና ያደርሷቸው ነበር። የኤግሊንተን ዌስት መንገድ ለባቡር ግንባታ ተቆፍሮ መኪናው ንቅንቅ አልል ሲል ይጫወታሉ። ጋሼ ሽፈራው ለማንኛውም ጥያቄ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ዘበኛው!» በፊልሙ ውስጥ ይኑርም አይኑርም። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ከዚያ የፈትሂያ አባት ኤርፖርት አጠገብ ያለ መጋዘን ሥራ አገኙና ቤተሰቡ ወደ ኢቶቢኮ ሄደ። ዓምና ደግሞ ጋሼ ሽፈራው ለሥራ ወደ ሩቁ የአልበርታ ክፍለ ሀገር ሄዱ። በዚህ ሳምንት ፈትሂያ ለሆሣዕና እንዲህ ብላ ጻፈችላት፦ «ሬዲዮ ላይ እንደምትወጡ ነግሬያት እማዬ ሺፍቷን ቀየረች። ቁጭ ብላ ልትሰማችሁ ነው።»

«ፈትሂያና እናቷ እየሰሙ ነው» አለች ሆሣዕና። «ምን ልበላቸው?»

ያፌት መንጎራደዱን ተወ። ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አባዬም እየሰማ ነው» አለ። «ሊንኩን ልኬለታለሁ። መደወል እየተወ ነው፣ ሆሲ። እሱም ያለበት ታሪክ ይሁን ብዬ ነው።»

ለዝና ብሎ ቢሆን ኖሮ ተቆጥታው ይወጣላት ነበር። አሁን ግን አሳዘናት፤ ነገሩም ባሰ።

በሩ ተከፈተና ገቡ። ማዳመጫ አደረጉላቸው፤ ቀይ መብራት በራ። ያፌት ጎበዝ አውሪ ነው። የተቆፈረውን መንገድ፣ የብርቱካንማዎቹን ኮኖች ሰልፍ፣ መስኮቱ ላይ የሚቀልጠውን በረዶ፣ የአባቱን «ዘበኛው!» አንድ በአንድ አወራ። «እና እዚያ መኪና ውስጥ ፈጠርነው» ሲል እትዬ አዲስአለም ከልባቸው ሳቁ። ወደ ሆሣዕናም ዞሩ።

«አንቺስ የኔ ልጅ፣ እዚያ መኪና ውስጥ ነበርሽ?»

«ነበርኩ» አለች።

ያፌት በረጅሙ ተነፈሰ። እዚህ ላይ ብታቆም ማንም ዋሸሽ አይላትም። እትዬ አዲስአለም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሊሄዱ ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት ምሳ የምትበላው ከያፌት ጋር ነው፤ ሌላ አብሯት የሚቀመጥ የለም። እትዬ መኪያ ኢቶቢኮ ውስጥ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ስማቸው እስኪጠራ ሲጠብቁ ታያት።

«ነበርኩ» አለች እንደገና፣ ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ ስባ። «ጋሼ ሽፈራው ባይኖሩ ጨዋታው እንደዚያ አይጣፍጥም ነበር። እንደሳቸው ያሳቀን ሰው የለም። ግን መኪናው ውስጥ ስንገባ ጨዋታውን እናውቀው ነበር። ለያፌት ያሳየሁት እኔ ነኝ። ለእኔ ያሳየችኝ ደግሞ ፈትሂያ ናት።»

ያፌት አንገቱን ደፋ፤ ጆሮዎቹ ቀልተዋል።

«ፈትሂያ ማናት?» አሉ እትዬ አዲስአለም።

ሆሣዕና ያፌት ቀና እስኪል ጠበቀችው። ቀና ሲል ዓይኗን አልሰበረችም፤ እሱም አላለቀሰም፣ አልተቆጣም፣ ብቻ ያያታል። ሰኞ ምን እንደሚሆን አታውቅም።

«የፎቃችን ልጅ ናት» አለች። «ከመጀመሪያው ልንገርዎት?» እሺ እስኪሏትም ሳትጠብቅ ቀጠለች።