ያልበራ አይጠፋም

ጭልፊት ከአራተኛ ፎቅ ጣሪያ ወድቆ በጓሮው ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቶ በተገኘ ዕለት፣ ማንም ጣቱን ሳይቀስርበት «የገደልኩት እኔ ነኝ» ብሎ በገዛ እግሩ ጣቢያ የሄደ አንድ ሰው ነበር፤ ናስትሮ።

ናስትሮ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ኤሌክትሮኒክስ ይጠግናል። ይህን ስም ያወጣለት ሟቹ ጓደኛው ነው፤ ጫፉ የተገለጠ ሽቦ ካየ በናስትሮ ሳይጠቀልለው እንቅልፍ አይወስደውምና። እሱም ብድሩን መልሷል። ድሮን እያበረረ ሠርግ የሚቀርጸውን፣ ነገር ግን ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖል መቀየር የሚፈራውን ሰው «ጭልፊት» ያለው እሱ ነው። የሕንፃው ሰው በሁለቱ ስም ሲስቅ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። አሁን የሚስቅ የለም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪዋ አስጠራችው። ጡረታ ለመውጣት የወራት ዕድሜ የቀራት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ቃል ሲሰጣት አትጽፍም፤ ትሰማና እንደገና ታስነግራለች። ውሸት፣ ትላለች፣ ሁለተኛ ሲነገር ያጥራል ወይ ይረዝማል።

ናስትሮ የጠበቀው ካቴና ነበር። እሷ ግን «የሥራ ዕቃህን ይዘህ ና» አለችው።

«የምን ዕቃ?»

«ካቻቢቴም፣ ቻርጀርም፣ ሪሞት ለመፈተሽ የሚያስፈልግህን ሁሉ።»

የሕንፃውን ደረጃ ሲወጡ «እስቲ ንገረኝ» አለችው።

«ተናግሬያለሁ እኮ።»

«ለጣቢያው ነው የተናገርከው። ለእኔ ንገረኝ።»

ነገራት። የድሮኑ ሪሞት በባትሪ አልሠራ ብሎ ነበር፤ ቻርጀር ሲሰካ ይበራል፣ ሲነቀል ድርግም ይላል። ጭልፊት አመጣለት። ሲከፍተው ባትሪው አብጧል። የባትሪውን መሰኪያ ነቀለ፣ ጫፉን እንደ ልማዱ በናስትሮ ጠቀለለ፣ ክዳኑን መልሶ ገጠመና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ቆልፎ አዲስ ባትሪ ፍለጋ ወጣ። ሲመለስ ጓሮው በሰው ተሞልቷል። ሪሞቱ ከመደርደሪያው ተነሥቶ፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ ከድሮኑ ጎን ተገኝቷል።

«ቁልፉን ከበሩ መቃን በላይ እንደማስቀምጥ ያውቃል። የተጠገነ መስሎት ወሰደው። ድሮኑን አስነሣ፣ ሪሞቱ እጁ ላይ ጠፋበት። ድሮኑን ሊይዝ ሲንጠራራ...» የሥራ ዕቃውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። «አልተሠራም የሚል አንዲት ወረቀት ብለጥፍበት ኖሮ፣ ዛሬ ቁጭ ብሎ ይሰድበኝ ነበር።»

«ቁልፉን ሌላ ማን ያውቃል?»

«እህቱ። እኔ በሌለሁበት ዕቃ ሲመጣልኝ ከፍታ ታስገባልኛለች። ከዚያ ውጪ ማንም።»

ጣሪያው ላይ ወጡ። ከበሩ አጠገብ የጭልፊት ወንበር አለች፤ ጀርባውን ግድግዳ ካላስደገፈ ድሮን አያበርርም ነበር። ማዶ፣ ጫፉ ላይ፣ የውሃ ታንከሩ በብረት እግሮች ላይ ቆሟል፤ የብረት መሰላል ተደግፎበታል።

«ሶኬት አለ እዚህ?»

«የለም።»

መርማሪዋ የመሰላሉን ሁለት እርከን ወጣችና ወረደች። መዳፎቿን አየቻቸው፤ በዝገት ተለውሰዋል። በመሐረብ ጠረገቻቸውና ወደ አራተኛው ፎቅ ወረደች።

አራተኛው ፎቅ ስቱዲዮም ቤትም ነው። ፊት ለፊት ኮምፒውተሮችና መብራቶች፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሁለት ዓመት ከአልጋ ያልወረዱት የጭልፊት እናት። ስቱዲዮው ውስጥ እህቱ፣ ከጭልፊት ጋር የሚሠራው ካሜራማንና የሕንፃው ዘበኛ ተቀምጠው ጠበቋቸው። እህቱ የተቀረጸውን በኮምፒውተር ትቆራርጣለች፤ ድሮኑን በእጇ ነክታ አታውቅም።

መርማሪዋ ከካሜራማኑ ጀመረች። «በዚያ ጠዋት ተጣልታችኋል።»

«ዱላ ቀረሽ ነዋ! ሪሞቱ እንደማይሠራ እያወቀ የሰው ሠርግ ተቀበለ። ጮኽኩበት፣ በሩን አላተምኩና ወጣሁ። የሞተ ሰው አይወቀስም ይላሉ፤ እኔ የወቀስኩት በሕይወት እያለ ነው።» ዓይኑ ቀላ። «የመጨረሻ ቃሌ ይህ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ።»

ወደ ዘበኛው ዞረች። «በዚያ ቀን ውሃ ነበር?»

ዘበኛው ስለ ነፍስ ሊጠየቅ ተዘጋጅቶ ስለ ውሃ ሲጠየቅ ግራ ገባው። «ውሃ? ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ለምሳ እጄን ታጥቤ፣ በልቼ ወደ ጓሮ ዞር ስል ነው እሱን ያየሁት።»

«አንቺስ?» አለች እህቱን።

«ድሮን ላብርር ብሎ ወጣ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበርኩ።» አጭር መልስ ነበር፤ ለጣቢያው ከሰጠችው ያጠረ።

መርማሪዋ ሪሞቱንና ድሮኑን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «ናስትሮ፣ ፈትሸው። ደንበኛ እንዳመጣልህ ቁጠረው።»

ቻርጀሩን ሰካና ቁልፉን ተጫነ፤ አረንጓዴ መብራቶቹ በሩ። ቻርጀሩን ነቀለ፤ ድርግም አለ። ደግሞ ሰካ፣ ደግሞ ነቀለ። ያው ነው።

«ክፈተው።»

አራቱን ብሎን በካቻቢቴ ፈታ። የባትሪው መሰኪያ በጥቁር ናስትሮ እንደተጠቀለለ ነው፤ ጫፉም ጥፍር እንዲይዘው ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንዲህ የሚያጥፍ ሌላ ሰው የለም።

«የእኔው ነው። ማንም አልነካውም።»

«ጣሪያው ላይ ሶኬት የለም ብለኸኛል። ያለ ሶኬት ይህ ሪሞት ስንት ደቂቃ ይሠራል?»

«ምን ደቂቃ አለው! አንድ ሰከንድም...»

«ጨርሰዋ።»

«አንድ ሰከንድም አይበራም።»

«እጁ ላይ ጠፋ እያልክ አራት ቀን ራስህን ከሰስክ። ያልበራ እንዴት አድርጎ ይጠፋል?»

ናስትሮ በእጁ የያዘውን ትክ ብሎ አየው። ሃያ ዓመት የሠራበት ሙያ ነው፤ ለደንበኛ ቢሆን በአንድ ትንፋሽ የሚናገረው ነገር። ሐዘን ግን እንዲህ ያደርጋል፤ ሰው የሚያውቀውን ይወስድበትና የሚፈራውን ያስታቅፈዋል።

መርማሪዋ ድሮኑን ለካሜራማኑ አቀበለችው። «አንተ ደግሞ ይህችን እያት።»

ገና ሳይቀበላት ዘለለ። «ሽፋኗ! የካሜራዋ ሽፋን አልወለቀም! ጭልፊት እኮ መጀመሪያ ሽፋኑን ሳያወልቅ ክንፏን አይዘረጋም!»

«እንግዲህ በዚያ ቀን የበረረ ድሮን የለም» አለች መርማሪዋ። «ጭልፊት ሪሞቱን ቢወስድ ሱቁ በር ላይ የማብሪያ ቁልፉን ተጭኖ አለመሥራቱን ባወቀ ነበር። የወሰደው ሌላ ሰው ነው፤ የሪሞቱን መልክ እንጂ ሥራውን ያልፈለገ። ካሜራማኑ አይደለም፤ ሪሞቱ መበላሸቱን ያውቃል፣ ሽፋኑንም አይረሳም። ዘበኛው የቁልፉን ቦታ አያውቅም።»

«ተመስገን» አለ ዘበኛው፤ ወዲያው አፈረና አንገቱን ደፋ።

«አንድ ነገር ይቀራል። ከፍታ የሚፈራ ሰው ጣሪያው ጫፍ ላይ ምን ይሠራል? ሐኪሙ የሟቹ መዳፍ ላይ ዝገት አግኝቷል። እንደዚያ ያለ ዝገት ያለው የታንከሩ መሰላል ላይ ነው። ውሃው ከጠዋት ጠፍቶ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ታንከሩ ውስጥ ተጣብቆ ውሃውን የዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስ ያላቀቀ ሰው አለ። ያን ሰው ወደ ላይ የላከውም...»

«ድምፅዎን ይቀንሱ» አለች እህቱ። ዓይኖቿ መጋረጃው ላይ ነበሩ። «እባክዎ። እማዬ ትሰማለች።»

እህቱ በሹክሹክታ ቀጠለች።

«የማጠቢያዋ ቀን ነበር። ሁለት ቀን አልፎባታል፣ ጎኗ ሊቆስል ነው። ውሃ የለም። ውጣና አስተካክል አልኩት። ነገ ሰው እናምጣ አለኝ። ‹ጭልፊት ተብለህ መሰላል ትፈራለህ?› አልኩት። ሳቀ። እየሳቀ ወጣ። ቧንቧው ሲንፎለፎል ሰማሁ፤ ደስ ብሎኝ ባልዲ ደቀንኩ... በመስኮት አየሁት። ወርጄ ነካሁት፤ አልቋል። እናቴ፣ ልጄ እኔን ሊያሳጥብ ሲል ሞተ ብላ እንዴት ትኖራለች? የሚወደው ሥራ ላይ ሞተ ቢባል ይሻላል ብዬ የተጠገነ መስሎኝ ሪሞቱን ከሱቅ አወጣሁና ከድሮኑ ጋር ጣሪያው ላይ አስቀመጥኩት።»

«እኔስ?» አለ ናስትሮ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«አንተን ያገኝሃል ብዬ አላሰብኩም። ስትናዘዝ ስሰማ አፌን ልከፍት ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ስታቃስት እሰማታለሁ፤ እዘጋዋለሁ። በየቀኑ እንዲሁ።»

«ይህን ቃል ጣቢያ መጥተሽ ትሰጫለሽ» አለች መርማሪዋ፤ የምርመራ ድምፅ አልነበረም።

ያኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ «ግለጪው» የሚል ድምፅ መጣ።

እህቱ ገለጠችው። አሮጊቷ ትራስ ላይ ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

«አልጋዬ ከጓሮው መስኮት ጋር መሆኑን ረሳሽው? ውሃው ሲመጣ ሰምቻለሁ። ከዚያ የወደቀውንም ሰምቻለሁ። ድሮን እንዳልነበረ መች አጣሁት? ሲበር እንደ ንብ ይጮህ የለም?»

«እማዬ... ታውቂ ነበር?»

«ወንድሜን ገደልኩ ብለሽ አንቺም እንዳትሞቺብኝ፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ውሸትሽን ያመንኩ መሰልኩልሽ።»

ልጅቷ አልጋው ሥር ተደፋች። እናት የልጃቸውን ራስ እየዳበሱ በዓይናቸው ክፍሉን ፈለጉ። ናስትሮ ጠረጴዛው አጠገብ፣ የተከፈተውን ሪሞት ይዞ ቆሟል።

«ና እስቲ፣ አንተ ልጅ። ና ወደዚህ።»

ሄደ። እጁን ያዙት።

«እሷ እኔን፣ እኔ እሷን ስንሸፍን አንተን ራቁትህን ተውንህ። ልጄ ‹ወንድሜ› የሚልህን ሰው። ይቅር በለን አልልህም፤ አሁን አይሆንልህም። ተቀመጥ ብቻ።»

ተቀመጠ። ናስትሮ አራት ቀን ሙሉ ያለቀሰው ጥፋቱን ነበር። ጓደኛውን ማልቀስ የጀመረው ገና አሁን ነው።