በቤቱ ረዳት አለ ወይ?

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «ሂድ ወዲያ!» ይለኛል። እኔ ግን ሁለት እጄን አንስቼ እምላለሁ፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ከዋሸሁ የሰሜን ባሕር ግድቡን ጥሶ ጫማዬን ይውሰደው።

ነገሩ የተጀመረው በውሃ ቆጣሪ ነው። ሬምት በሰሜን ጀርመን፣ በምሥራቅ ፍሪስላንድ የአንድ መንደር የውሃ ሠራተኛ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ነገር ካልገባው እህል የማይወርድለት ሰው። አንድ የጥቅምት ጠዋት መዝገቡን ሲያገላብጥ ዓይኑ ፈጠጠ። ቦዩ ዳር ባለችው ትንሽ ቤት የምትኖረው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ቤቲቱ ግን የስምንት ላም በረት የሚያህል ውሃ ትጨርሳለች። እንደገና ደመረ። ያው ስምንት ላም።

ቧንቧ ፈንድቶ ይሆን? መሬቱ ደረቅ ነው። ሴትየዋ ዓሣ ነባሪ ደብቃ ታሳድግ ይሆን? ሄዶ በሩን አንኳኳ።

የከፈተችለት ኦካ ናት፤ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምትጠግን፣ ጣቷ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚሸት ወጣት ሴት።

«ይቅርታ ወይዘሪት፣ ላሞቹ የት አሉ?»

«የትኞቹ ላሞች?»

«ውሃውን የሚጠጡት።»

ግራጫ ዓይኖቿን ተክላ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ሳቋ ፈንድቶ በሩን ወለል አደረገችለት። «ይግቡና ይቁጠሯቸው!»

ሳሎኑ ውስጥ፣ ከአልጋ አጠገብ፣ የልብስ ሣጥን የሚያህል ማሽን ቆሟል። የኦካ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመታቸው ነው። በሳምንት አራት ቀን ታልከ የምትባል ነርስ እየመጣች ክንዷ ላይ መርፌ ትሰካለች፤ ደሟ በማሽኑ ዞሮ፣ ታጥቦ ይመለሳል። ውሃው የሚያልቀው ለዚህ ነው። ለታልከ የሚከፍለው ደግሞ የጤና መድን ድርጅቱ ነው።

ሬምት በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ቆጣሪውን ላረጋግጥ ብሎ። በቀጣዩም ሳምንት መጣ። ኦካ መጠጣት የተፈቀደላት ጥቂት ስለሆነ፣ የእሷን ድርሻ ሻይ እሱ ይጠጣላታል። ታልከን የሚጠይቃት ጥያቄ ግን አያልቅም።

«ደሟ ስንት ጊዜ ይዞራል? ወጥቶ ሲመለስ ይቀዘቅዛል? ይበርዳታል?»

«አንተ ልጅ» አለችው ታልከ አንድ ቀን፣ «ቆጣሪው ያለው ውጭ ነው። እዚህ ተቀምጠህ የምታነበው ምንድን ነው?»

ሬምት ባዶ ስኒውን አንስቶ ጠጣ። ኦካ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ የሚታየው ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

መጋቢት ላይ፣ ጸደይ ሲገባ፣ «አብረን እንኑር» አላት። ፊቷ በራ፤ ወዲያው ጠቆረ። ከመሳቢያ ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችው። የመድን ድርጅቱ ለነርስ የሚከፍለው፣ በቤቱ ሊረዳ የሚችል ሌላ ሰው እስከሌለ ድረስ ብቻ ነው ይላል።

«አንተ ከገባህ ታልከ ትወጣለች» አለችው። «ታልከ ከወጣች እኔ በሳምንት አራት ቀን ከተማ ሆስፒታል ተጋድሜ እውላለሁ። ኦርጋኖቼን ማን ይጠግናቸዋል?»

«መርፌውን እኔ እማራለሁ!»

ምንም አላለችም። እሱ ዝምታዋን እሺታ አደረገው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከታልከ እግር ሥር ሆኖ ብርቱካን ሲወጋ ሰነበተ፤ በመንደሩ ያልተወጋ ብርቱካን አልቀረም። ከዚያ ኩራት ኩራት ብሎት፣ ልገባ ነው ብሎ ለመድኑ ጻፈ።

መድኑ አቶ ሆልትስማን የሚባሉ መርማሪ ከደቡብ ላከ። የደረሱት በሻይ ሰዓት ነው። በዚያ አገር እንግዳ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ካላስገባ፣ የቤቱ እመቤት መቅዳቷን አታቆምም። ሰውዬው ማንኪያውን አልነኩም፤ ኦካም ትቀዳለች።

«በቤቱ ረዳት አለ ወይ?» አሉ፣ ቅጹን ዘርግተው።

«አለ!» አለ ሬምት፣ ደረቱን ነፍቶ።

«የለም» አለች ኦካ።

ሬምት ደረቱ ሟሸሸ። «ኦካ፣ ተምሬያለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። አልፈቅድም።»

ኮፍያውን አነሳ። «ገባኝ።»

«ምንም አልገባህም፤ ቁጭ በል!» አለችውና ወደ መርማሪው ዞረች። «ያ መርፌ ያማል፣ አቶ ሆልትስማን። ሦስት ዓመት ሙሉ ታልከን ስሰድባት ኖሬያለሁ፤ እሷም ትሰድበኛለች፤ ከዚያ ጃኬቷን ለብሳ ትሄዳለች። እሱን ብሰድበው የት ይሄዳል? መርፌው ሲገባ ሌላኛውን እጄን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ለመሰካት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። እሱ ያለው ሁለት ብቻ ነው።»

ሬምት ኮፍያውን እንደያዘ ፈዝዞ ቀረ። እንዲህ አይታው አታውቅም፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

«እውነቷን ነው» አለች ታልከ ከማሽኑ አጠገብ። «እኔ ከሄድኩ ማንን ልትሰድብ ነው?»

መርማሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንዲህ ያለ መልስ የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

«እንግዲያው ትንሽ ሻይ ይጨምሩ» አለች ኦካ፣ እየቀዳች።

ዘጠነኛው ስኒ ላይ አቶ ሆልትስማን ጉልበታቸውን አጣበቁ። አንድ መስመር ጻፉ፣ ፈረሙ፣ «ሽንት ቤቱ የት ነው?» ብለው ሮጡ። ሦስቱ ቅጹ ላይ አጎነበሱ።

«በቤቱ ረዳት የለም። ባል አለ። የነርሷ ክፍያ ይቀጥል።»

«ባል?» አለ ሬምት።

«ፈርመውበታል እኮ» አለች ኦካ፣ አንገቷ ድረስ ቀልታ። «አሁን ማን ይሰርዘዋል?»

«ኧረ ማንም አይነካው!» አለና እጇን ያዘ፤ መርፌ የማይገባበትን።

በሰኔ ተጋቡ፤ ታልከ መርፌ ይዛ በማትመጣበት ቀን።

እውነት ነው ብዬ ምያለሁ፣ ነውም። ዘጠኝ ስኒ ያልኩት ብቻ የፈጠራ ነው። ሰውዬው የጠጡት ስድስት ነው፤ ሩጫውንም ያሞቅሁት እኔ ነኝ። አምስተኛው ላይ ታልከ አዝናላቸው፣ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ቢያስገቡት ይበቃል ብላ በጆሯቸው ሹክ ብላቸው ነበር።

እሳቸው ግን ኦካና ሬምት ሲተያዩ እያዩ፣ «አውቃለሁ» አሏት፣ ስኒያቸውን ወደ ኦካ እየገፉ።