ብርሃን የሰረዘችው መስመር

በደብራችን በውቅር መስቀለ ክርስቶስ እምላለሁ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ብገኝ እጄ ሁለተኛ ብዕር አይጨብጥ። ሰቆጣ ውስጥ «ሸጋው ያጋንናል» የሚሉ ምቀኞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእነሱም ምስክር አዘጋጅቻለሁ። ባለቤቴ የሻሽወርቅ ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ነገሩ ሲሆን በቦታው ነበረች። አሁንም በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ እኔም የጻፍኩትን እያነበብኩላት ነው። እስካሁን አንድም ነገር አልተቃወመችም።

ለማታውቁኝ፣ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። በዚህ ከተማ እንግሊዝኛ ከእኔ በፊት ነበረ የሚል ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። በየክረምቱ ከየዩኒቨርሲቲው ለእረፍት የሚመጡትን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ ሰብስቤ፣ በእንግሊዝኛ ሥራ እንዴት እንደሚጠየቅ አስተምራለሁ፤ ሲቪውን፣ ማመልከቻውን፣ ቃለ መጠይቁን። በመስኮት የሚያዳምጠኝ ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ የባጃጅ መንገድ ይዘጋል። አንድ ጊዜ የወልድያ አውቶቡስ ሹፌር ተሳፋሪዎቹን እንደጫነ ቆሞ እስክጨርስ አዳምጦኛል። ተሳፋሪዎቹም አልተቆጡም፤ ግማሾቹ በዚያው ሥራ አግኝተዋል።

ብርሃን የመጣችው በድርቁ ዓመት ነው። የፃግብጂው ገበሬ የአያ ዋሴ ልጅ ናት፤ በሕብረተሰብ ጤና ለመመረቅ ጥቂት ነበር የቀራት። በአገራችን ራስን ማመስገን ነውር ነው። እኔም ብሆን ራሴን የማመሰግነው የሚያመሰግነኝ ሰው ሲደክመው ብቻ ነው። ብርሃን ግን «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሏት መሬት መሬት እያየች «ሌላ ሰው ይንገራችሁ» የምትል ልጅ ነበረች።

በዚያው ሰሞን አንድ የእርዳታ ድርጅት፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በሚታከሙባቸው ድንኳኖች የሚሠሩ ሰዎችን ፈለገ። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ነው። ልጅቱን ይህ ሥራ እንደ ውሃ ጠማት። አያ ዋሴም ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ማሳቸውን ማየት ትተው፣ የሚያዩት ልጃቸው የምትመጣበትን መንገድ ብቻ ሆኖ ነበር።

ሲቪዋን ጽፋ አመጣች። ንጹሕ ሥራ ነው። ቋንቋ ከሚለው ሥር አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ኽምጥኛ ይላል። ከኋላዋ የተቀመጠው ቀልደኛው ኪዳኑ አንገቱን አስግጎ አነበበና ሳቀ።

«አንቺ፣ ኽምጥኛን ምን ይሁነኝ ብለሽ ነው የጻፍሽው? ፈረንጁ ፍየል ሊገዛ የመጣ መሰለሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«አፌን የፈታሁበት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ይሁን፣ እቤትሽ ተናገሪው! ወረቀት ላይ ከሰፈረ ግን ገጠሬ ይሉሻል። እሱን ሰርዢና ፈረንሳይኛ ጥቂት ጥቂት ብለሽ ጻፊበት። ማን ይጠይቅሻል?»

ያን ጊዜ እኔ ጠረጴዛውን መታሁት፤ ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። «የሌላችሁን አትጻፉ! ያላችሁን አትሰርዙ!» ብዬ ስጮህ የአዳራሹ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ምን ያደርጋል፣ ከእኔ ነጎድጓድ የጓደኞቿ ሳቅ በለጠባት። እቤቷ ሄዳ ሰረዘችው።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ከጠያቂዎቹ አንዷ ሴትዮ ወረቀቷን አየችና በፈረንሳይኛ አነጋገረቻት። ብርሃን መሬት አየች። ሴትዮዋ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሳ፣ «እኛ እንኳን የምንፈልገው የፃግብጂንና የአበርገሌን እናቶች በኽምጥኛ የሚያስረዳልን ሰው ነበር። አንቺ ዘንድ ግን የለም» አለቻት። «አለኝ» ልትል ነበር። ነገር ግን አንዴ በዋሸችበት ወረቀት ፊት እውነቷን ማን ይቀበላታል? ተነሥታ ወጣች።

ቦታው ለአሻግሬ ተሰጠ። አሻግሬ ከሩቅ የመጣ፣ ጨዋና ታታሪ ልጅ ነው፤ ማንንም አላታለለም። ኽምጥኛ ግን አንዲት ቃል አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። አንዲት እናት የከሳ ሕፃን አዝላ ድንኳኑ ዘንድ መጣች። አሻግሬ በእሽግ የሚታደለውን የኦቾሎኒ ምግብ ሰጣትና፣ «ለታመመው ብቻ ነው፣ እናቴ፤ ለሌሎቹ እንዳያካፍሉ» አላት፣ በአማርኛ፣ ጠንቅቆ። «እሺ» አለች። የአገሬ ሰው ያልገባውንም እሺ ይላል፤ የተማረን ሰው መልሶ መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። እቤቷ ገብታ እሽጉን ለልጆቿ ሁሉ እኩል አካፈለች። ተመልሳ ስትመጣ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ክብደት አልነበረውም። በዚያው ዕለት አረፈ።

እግዜር ሲፈርድ፣ ብርሃን ያን ቀን ታማሚ ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ድንኳኑ ደጃፍ ቆማ ነበር። እናትየዋ በኽምጥኛ ስታለቅስ የገባት እሷ ብቻ ናት። «ምን አለች?» ሲሏት፣ «አንዱን አብልቼ ሌላውን በምን ዓይኔ ልየው፣ ነው የምትለው» ብላ ተረጎመች። «በአንዲት መስመር ሰው ገደልኩ!» እያለች መሬቱን ስትደበድብ ያላለቀሰ አልነበረም። እኔ ያፈሰስኩት እንባ የደረቀ ምንጭ ይሞላ ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ እኔ ዘንድ መጣች። «መምህር፣ እርስዎን ብሰማ ኖሮ» አለችኝ። ሲቪውን እንደገና ጻፍነው፤ ኽምጥኛን ከሁሉ በላይ አሰፈርናት። ድርጅቱም ወዲያው ቀጠራት። ዛሬ ብርሃን ለእናቶቹ በአፋቸው ታስረዳለች፤ «እስኪ ምን አልኩ?» ብላም መልሳ ታስነግራለች። አያ ዋሴም ገበያ የሚወጡት ቀና ብለው ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሥራ የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ ጠይቁ፤ ተማሩት፣ ተለማመዱት። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ግን ራሳችሁን አትሰርዙ። እናንተ የምታፍሩበት ነገር ለአንድ ሰው እስትንፋስ ሊሆን ይችላል። መምህራንም ስሙ፦ ልጅ በአፍ መፍቻዋ ስታፍር እያየ ዝም የሚል መምህር የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለምስክሬ አነበብኩላት።

«እህ፣ የሻሽ፣ የቀረ ነገር አለ?»

የሻሽወርቅ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ኪዳኑ ያን ቀን አልነበረም» አለች።

«እንዴት አልነበረም?»

«አበርገሌ ሄዶ ወባ ይዞት እኛ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ሰርዢው ያልካት አንተ ነህ። ፈረንሳይኛ ጻፊ ያልካትም አንተ። እራት ላይ እየሳቅህ ነግረኸኛል።»

ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ። እሷ ድምፅዋን አላነሳችም።

«ቃለ መጠይቅ የሚባልም አልነበረም፣ ሸጋው። አልጠሯትም። ወረቀቷን እንደ ሌላው ሰው ሁሉ አይተው አለፉት። ከዚያ ወዲያም አላመለከተችም፤ ወልድያ ሱቅ ትጠብቃለች። አያ ዋሴን ገበያ አግኝቻቸው ነው የነገሩኝ።»

«እናትየዋስ?» አልኩ። «እሷንም ፈጠርካት ልትዪኝ ነው?»

«እናትየዋማ እውነት ናት። ሕፃኑም።» አንዲት ጠጠር ከምስሩ መሐል አንስታ ወረወረች። «ብርሃን ግን እዚያ አልነበረችም። አሻግሬና እኔ ብቻ ነበርን። ሴትዮዋ ልጇን እንደታቀፈች በኽምጥኛ ብዙ ተናገረች፤ ዓይን ዓይኔን እያየች። እኔም አይዞሽ፣ አይዞሽ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?»

«ታዲያ ምን ነበር ያለችው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች የሻሽወርቅ። «እስከ ዛሬም አላውቅም።»