«መጡ?» ያለኝ ቤት

ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ወሬ ሲጀመር ነጠላቸውን አስተካክለው ከሚነሡት ሰዎች አንዷ ነኝ። ጉለሌ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ኦፕሬተር ሆኜ የሠራሁ ሴት ነኝ፣ እና እመኑኝ፣ የማይታይ ሰው ድምፅ እኔን ማስደንገጡን ያቆመው ገና በወጣትነቴ ነው። ጠንቋይ ቤት ሄጄ አላውቅም፣ ሕልም አስፈትቼ አላውቅም። ይህንንም የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ይሁን።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ፣ ጉለሌ የነበረው ቤታችን የእሱና የወንድሞቹ የውርስ ቤት ስለነበር ተሸጠና ተካፈልን፣ እኔ ጋ የደረሰው ድርሻ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ቀርቶ የግቢ በር አይገዛም ነበር። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሰናይት ትባላለች፣ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች፣ ከባሏና ከትንሿ ልጇ ጋር በሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ነው የምትኖረው። «እማዬ፣ እኛ ጋ ግቢ፣ እንደምንም ተጠጋግተን እንተኛለን» አለችኝ። እኔ ደግሞ በልጄ ቤት ጥግ ፍራሽ ዘርግቼ ማርጀት አልፈለግኩም፣ ይልቅ ከእንጦጦ ወዲያ ባለች ትንሽ የገጠር ከተማ አንዲት የራሴ ቤት ልግዛ፣ እሁድ እሁድ እነሱ ይምጡ፣ ልጅቷም ሣር ላይ ትሩጥ ብዬ አሰብኩ። ሰናይት እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «ከኛ ለመሸሽ ነው፣ አይደል?» አለች። አይደለም አልኳት። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላወቅኩበትም፣ እኛ ቤት ብዙ አይወራም።

ደላላው፣ «እትዬ፣ አየሩን ይዩት እንጂ! እዚህ አገር ሰው ያረጃል እንጂ አይታመምም» እያለ አዞረኝ፣ ሦስተኛው ቤት ላይ ስንደርስ ወደድኩት። ቤቱ አዲስ ነበር፣ ግድግዳው የጭቃ ሆኖ ኖራ የተቀባ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ቆርቆሮው ገና የሚያብረቀርቅ፣ በሩ የብረት፣ አንድ ሰፊ የመስታወት መስኮትም ወደ መንገዱ ያያል። የሠራው ሰውዬ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ሲቀየር አንድ ቀን እንኳ ሳያድርበት ነው የሸጠልኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ከእኔ በፊት በዚያ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው የለም።

ጎረቤቴ ጫልቱ ትባላለች፣ ወተት ትሸጣለች፣ አፏ ዝም አይልም። ዕቃዬን ባወረድኩ ቀን መጥታ፣ «እትዬ፣ የከተማ ሰው ወደዚህ ሲመጣ ወይ ከዕዳ ሸሽቶ ነው ወይ ከምራት፣ እርስዎ ከየትኛው ነዎት?» አለችኝ። «እኔ ከኮንዶሚኒየም ደረጃ ነው የሸሸሁት» ስላት እስክታነባ ሳቀች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተግባባን።

መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከመስኮቱ አጠገብ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ትከሻ በሚደርስበት ቁመት፣ ኖራው ጠቁሮና ወዝቶ አገኘሁት። ሰው ለዓመታት ሲደገፈው የኖረ ግድግዳ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፣ ልክ እንደዚያ ነበር። ኖራ ገዝቼ ቀባሁት፣ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ወጣ። እርጥበት ነው አልኩ። ቀጥሎ ጓሮ ቆሜ ልብስ ሳሰጣ ከቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ሲንሸራተት እሰማ ጀመር፣ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። አይጥ ነው አልኩ። አይጥ ነጠላ ጫማ እንደማያደርግ አላጣሁትም፣ ግን ብቻውን የሚኖር ሰው ለሁሉም ነገር ስም ማውጣት አለበት፣ አለዚያ እዚያ ቤት ውሎ ማደር አይችልም።

አሁን ወደዚያች ምሽት ልውሰዳችሁ። ቅዳሜ ነበር፣ ክረምት ነው፣ በማግስቱ እነ ሰናይት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመጡ ቀጠሮ ነበረን። እኔም ወጥ የምሠራበት ትልቅ ብረት ድስት ልዋስ ብዬ በሬን ቆልፌ ጫልቱ ቤት ሄድኩ፣ ስመለስ ጀምበር ጠልቃለች፣ ዝናብ ያካፋል፣ መብራትም እንደ ልማዱ ጠፍቷል። ድስቱን በአንድ እጄ ታቅፌ በሌላው ቁልፉን በሩ ውስጥ ሳስገባ፣ ከውስጥ በርጩማ ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ ነጠላ ጫማው ተነሣ። ወደ በሩ መጣ፣ መጣ፣ ከብረቱ ወዲያ ልክ ፊት ለፊቴ ቆመና አንዲት አሮጊት ሴት ቀስ ብላ፣

«መጡ?» አለች።

ፈራሽ ወይ ብትሉኝ በዚያች ቅጽበት አልፈራሁም። ድምፁ የሰለቸው፣ ግን የጨዋ ሰው ድምፅ ነበር፣ የማውቀው ድምፅ ነው፣ የማን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። በዚያች ከተማ ሰው ሁሉ አንቱ ነው የሚለኝ፣ «ገቡ እትዬ? መጡ እትዬ?» ነው የሚሉኝ፣ ስለዚህ ለእኔ የተባለ መሰለኝና አፌ እንዳመጣልኝ፣ «አዎ፣ መጣሁ» ብዬ መለስኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ሴትየዋ ተነፈሰችና ለራሷ እንደሚያወራ ሰው፣

«አልመጡም» አለች፣ ነጠላ ጫማውም እየተንሸራተተ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ቋንቋችን እንዲህ ነው፣ «መጡ» ስንል እርስዎ መጡ ማለት ነው፣ እነሱ መጡ ማለትም ነው፣ ቃሉ አንድ ነው። በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን ማንም አልጠየቀኝም። የምትጠብቀው ሌሎችን ነበር።

በሩን ለምን ከፈትኩት? ሌላ የምገባበት ቤት ስለሌለኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በስልኬ መብራት ክፍሉን ዞርኩት፣ ማንም የለም። ጠረጴዛ ሥር የተውኩት በርጩማ መስኮቱ ሥር ነው። መስታወቱ ላይም፣ የተቀመጠ ሰው ፊት በሚደርስበት ቦታ፣ ሰው ቀርቦ ሲተነፍስበት የሚሆነው ዓይነት ጉም ነበረ፣ መብራቱን አብርቼበት ቆሜ እያየሁት ከዳር እየጠበበ፣ እየጠበበ ጠፋ።

ድስቱን እንደታቀፍኩ ወደ ጫልቱ ቤት ተመለስኩ። «አቃጠሉት እንዴ ከአሁኑ?» ብላ ልትስቅብኝ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። ነገርኳት። እሷ በኢየሱስ ስም እያለች፣ እኔ በስመ አብ እያልኩ ትንሽ ተቀመጥን፣ በኋላ፣ «እትዬ፣ የዚያን ቤት ጭቃ ያቦካሁት በዚህ እግሬ ነው» አለችኝ፣ «ቦታው ባዶ ሣር ነበር። የተቀበረ የለም፣ የሞተ የለም። ታዲያ ማን ሊሆን ይችላል?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ እነ ሰናይት አልመጡም። ልጅቷን አተኮሳት ብላ ደወለች። የሚቀጥለው እሁድ ዝናብ ሆነ፣ ከዚያ የባሏ ሥራ፣ ከዚያ የታክሲ እጥረት። እኔ ስለዚያች ምሽት አልነገርኳትም፣ ምን ብዬ? «ነግሬሽ ነበር» እንዳትለኝም ፈራሁ። ከእንጦጦ ጠበል አስመጥቼ ቤቱን ረጨሁት፣ ደህና ሆነ፣ ኮቴው ቆመ። አሁንስ ይኖርበታል አልኩ።

አንድ ማክሰኞ ለደም ግፊቴ ቀጠሮ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ሄድኩ፣ በጠዋት ወጥቼ፣ ወረፋውንም ታውቁታላችሁ፣ ስመለስ መሽቷል። ጫልቱ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ።

«ልጅዎ መጥታ ነበር እኮ» አለችኝ፣ «ልጇን አዝላ። ቤትዎን ጠይቃኝ አሳየኋት፣ በኋላም በርዎ ላይ ቆማ ስታወራ አየኋት፣ ቤት ያሉ መስሎኝ አልቀረብኩም። በኋላ እያለቀሰች ሄደች።»

«ከማን ጋር ነው ያወራችው?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ከእርስዎ ጋር ነዋ።»

ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ አታነሣም። በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ሰናይት ሱቋ ውስጥ ነጠላ እያጠፈች ነበር፣ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይግቡ» አለችኝ። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አንቺ ስትለኝ የኖረች ልጄ፣ ለገዢ እንደሚባለው፣ «ይግቡ» አለችኝ።

«ሰናይት፣ ትናንት ቤት አልነበርኩም» አልኳት፣ «ጳውሎስ ነበርኩ፣ ለቀጠሮዬ።»

«እሺ።»

«ያናገረችሽ እኔ አይደለሁም።»

ነጠላውን ጣለችው። «ከሆድሽ ወጥቼ ድምፅሽ ይጠፋኛል? ሱቅ ዘግቼ፣ ልጄን አዝዬ መጥቼ፣ ክፈቺልኝ ብዬ በር ላይ ለመንኩሽ! አያቴ ብላ ስትጠራሽ እንኳ አልራራሽም!»

«ምን አለችሽ?»

«አለችሽ?» ብላ ሳቀች፣ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«እሺ፣ ምን አልኩሽ?»

«ያልሽኝን አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ አልደግመውም። ልጅቷ እንዳትደግመው ነው አሁን የምጸልየው።»

ገዢ ገባ። ሰናይት ዓይኗን ጠረገችና ዞራ ጋቢ ታወርድ ጀመር፣ እኔም ወጣሁ። ታክሲ ተራ ስቆም ነው ያ የማውቀው ድምፅ የማን እንደነበር የገባኝ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ድምፅ ሳገናኝ ኖሬ፣ በመስመሩ ላይ አንድም ቀን ያልሰማሁት የራሴን ነበር።

ቤቱን ልሽጠው ብዬ ነበር፣ ሸጬስ የት ልገባ? እዚያው ነው ያለሁት። ሰናይት በበዓል ትደውላለች፣ «እንደምን ከረሙ» ትለኛለች፣ ስልኩን ለልጅቷ አትሰጥም። እኔ ለልጅ የማይባሉ ቃላትን አንድ በአንድ እያነሣሁ አስባለሁ፣ ይሄ ይሆን፣ ያኛው ይሆን እላለሁ፣ የቱን እንዳልኳት ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።