ነጭ ሆኖ የቀረው ጋዋን

የትምህርት አማካሪዋ ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ እግሯ ወደ ላይ ሆኖ ደረጃው ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ዓይኗ ላይኛው ፎቅ ላይ እንደፈጠጠ ቀርቷል። አያትየው ጩኸት ሰምተው ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሲወጡ መጀመሪያ ያዩት ግን ሬሳውን አልነበረም፤ አጠገቡ የቆመችውን የልጅ ልጃቸውን ነበር።

«በሞትኩት! ምን አቆመሽ እዚህ?» ብለው በሻርፓቸው ሸፈኗት፤ ዓይን የሚከለል ይመስል።

ሁሉም ያያታል። ጠዋት ኮሪደሩ ሙሉ ተማሪ ሰምቷል፤ አማካሪዋ «የላብራቶሪ ውጤትሽን አላጸድቅም። ያለ እሱ ደግሞ አትመረቂም፤ ነርሲንግ የሚባለውንም እርሺው» ስትላት፣ ልጅቷም ስትጮህባት። አያትየው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ የገቡት ይህንኑ ሊለምኑ ነበር።

መርማሪው መጣ። ድምፅ ሳያሰማ ውስጥ ውስጡን ስለሚበላ ባልደረቦቹ «ምስጥ» ይሉታል። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የሟቿን ቀኝ እጅ ብዙ ቆይቶ አየ። ጥፍሯ የጸዳ ሴት ነበረች፤ የአመልካች ጣቷ ጫፍ ብቻ በአቧራ ጠቁሯል።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ፣ ከእኚህ እናት ጋር» አለ ርዕሰ መምህሩ ቶሎ ብሎ።

ውሸት አልተናገረም። ግን አፉ ላይ እንዲህ መቅለሉ አያትየውን ከነከናቸው፤ ራሱን አውጥቶ የልጅ ልጃቸውን ብቻዋን አስቀራት።

ከላይ ወርዶ አጠገባቸው የቆመው የኬሚስትሪ መምህር ቀጠለ። «እኔ ላይኛው ፎቅ ላብራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ እያጠብኩ ነበር። ያ ቧንቧ ሲከፈት ጆሮ ያደነቁራል፤ ምንም አልሰማሁም። አማካሪዋንም ከጠዋት ወዲህ አላየኋትም። ይልቅ ያቺን ልጅ ጠይቋት፤ ጠዋት ዓይኗ ደም ለብሶ ነበር።»

አፍህን ያዘው፣ አሉ አያትየው በሆዳቸው።

«የላብራቶሪው ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ብቻ። ኬሚካል አደገኛ ነው፤ ለማንም አልሰጥም።»

ምስጥ ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺስ?»

«ታች አግዳሚው ላይ እማማን እየጠበቅኩ ነበር።»

«ውጤትሽን ለምን አላጸድቅም አለች?»

ልጅቷ መምህሩን በስርቆት አየችና አቀረቀረች። አያትየው ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ የልጅ ልጃቸውን ጠረጠሯት፤ ወዲያውም በራሳቸው አፈሩ።

«በቃ ጣቢያ ትሂድ» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ቆይ» አለ ምስጥ። ልጅቷ ክንዷ ላይ ያጠፈችውን ነጭ የላብራቶሪ ጋዋን እያየ ነበር። «እናቴ፣ ይሄ ጋዋን አዲስ ነው?»

አያትየው የጋዋኑን ጠርዝ ያዙ። ይህን ነገር ለብቻቸው ሲያብሰለስሉት ከርመዋል። ቢናገሩት ምርቃቱ ገደል ይገባል፤ ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ነርስ የመሆን ምኞት። ዝም ቢሉስ? ልጅቷ በፖሊስ መኪና ትሄዳለች።

«ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልጄ» አሉ። «በእጄ ነው የሰፋሁት። አንድ ቀንም አላጠብኩትም። እድፍ ኖሮት አያውቅማ!»

«እማማ!» አለች ልጅቷ።

«ሁላችንም ወደ ላይ እንውጣ» አለ ምስጥ።

መምህሩ በሩን በቁልፉ ከፈተ። ጠርሙሶቹ እንደታሸጉ ተደርድረዋል፤ አቧራው ተጋግሮባቸዋል። የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ አንዲት የጣት መስመር ተሰምራለች።

«ሟቿ በጀርባዋ፣ ጭንቅላቷ ወደ ታች ሆኖ ነው የወደቀችው» አለ ምስጥ። «እየወረደች ሳለ ዞር ብላ፣ ከላይዋ ከቆመ ሰው ጋር ስትነጋገር ተገፍታለች ማለት ነው። ማን ነበር? ይህን መስመር ያሰመረችው እሷ ናት፤ አቧራው ጣቷ ላይ አለ። ቁልፉ ደግሞ አንተ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ያስገባሃት አንተ ነህ። አላየኋትም ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«እኔ... ብልቃጥ እያጠብኩ...»

ምስጥ ቧንቧውን አዞረ። ዝገቱ ሲጢጥ አለ። ጠብ ያለ ውሃ የለም፤ ከቧንቧው አፍ አንዲት ሸረሪት በድሯ ተንጠልጥላ ወረደች።

ያን ጊዜ ልጅቷ አፏን ከፈተች። «ውሃ ኖሮ አያውቅም። ‹ቀለሙ ሰማያዊ ሆነ ብላችሁ ጻፉ› ይለናል፣ እንጽፋለን። ከተነፈሳችሁ ሁላችሁም ትወድቃላችሁ አለን። ለአማካሪዋ ጠዋት ብልቃጥ እንኳ ነክቼ እንደማላውቅ ስነግራት ነው ውጤቱን አላጸድቅም ያለችኝ።»

መምህሩ በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። «ዛሬውኑ ለወላጆች እነግራለሁ አለች። ለመንኳት፤ ትታኝ ወረደች። ተከተልኳት። ዞር ብላ ‹የስንቱን ልጅ ተስፋ ነው የቀጠፍከው?› ስትለኝ... እጄ ቀደመኝ።»

ሲወስዱት ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የቤተ ሙከራው ትምህርት ሳይሟላ ዘንድሮ ማንንም አላስመርቅም።»

«ቧንቧው ደረቅ መሆኑን አንተስ አታውቅም ነበር?» አሉ አያትየው።

ርዕሰ መምህሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ምስጥ ግን እሱን ማየት ጀመረ።

በሩ ላይ ልጅቷ ቆመች። «እማማ፣ አልመረቅም ማለት ነው?»

«ዘንድሮ አትመረቂም» አሉ አያትየው። ብርዱ እንዳያገኛት ጋዋኑን ትከሻዋ ላይ ደረቡላት፤ ቁልፎቹንም እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፉላት። «ዛሬ ግን ቤትሽ ታድሪያለሽ።»