የዲናሞ አጉራሽ

«ሄደሽ እይውና ፋይሉን እንዝጋው» አላት አለቃዋ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። «መኪና ጠጋኝ ነው። እቤቱ የሠራው ማሽን ተፈናጥሮ ገደለው። የማሽኑን ማቀፊያ የበየደውን ሰውዬ አስረነዋል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ ራሱም አምኗል።»

መርማሪዋ «ራሱም አምኗል» ሲሏት ይደክማታል። ያላደረገውን የሚያምን ሰው በሥራዋ ብዙ አይታለች፤ ያደረገውን የሚያምን ግን ጥቂት ነው። እግሯ ስላበጠ የጫማዋን ማሰሪያ ሳታጠብቅ ወጣች።

ሟቹን ሰፈሩ «ዲናሞ» ይለው ነበር፤ እጁም አፉም አያርፍማ። ከእናቱ፣ ከሚስቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንድ ግቢ ይኖር ነበር፤ ጋራዡም እዚያው ግቢ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ሬሳው ከተነሣበት ከትናንት ጀምሮ በሩ ታሽጎ ፖሊስ ቆሞበታል።

ውስጥ አንድ አሮጌ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ሞተሩ አናት ላይ፣ ሟቹ ከወደቀ ጭነት መኪና ፈትቶ፣ ሞርዶና ገጣጥሞ የሠራው ሱፐርቻርጀር ተቀምጧል። ሞተር በራሱ ከሚስበው በላይ አየር በግድ የሚሰጠው ማሽን ነውና ባለቤቱ «አጉራሹ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ከሞተሩ ጋር ያያዘው ማቀፊያ ብረት ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ማሽኑን የሚያዞረው፣ ቺንጋ የሚጠመጠምበት ከባድ ክብ ብረት፣ ፑሊው፣ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ ደም ደርቆበታል።

«የት ጋ ነው የመታው?»

«ማጅራቱን» አላት በር ጠባቂው ፖሊስ።

«ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ሳለ?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

መርማሪዋ እሷም አጎነበሰች። ሞተሩ ያለው ፊት ለፊቷ እንጂ ከኋላዋ አይደለም። የተሰበረውን ብረት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ አየር የሚገባበትን የአጉራሹን ሰፊ አፍ አየች። ቢጫ አበባ ያለበት ሰማያዊ ጨርቅ ተወትፎበታል። ነካ አድርጋ እንዳለ ተወችው።

ሚስቱ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የባሏን ቱታ ታጥፋለች፤ አጥፋ ትፈታዋለች፣ ፈትታ ታጥፈዋለች።

«ማሽኑን ትወጂው ነበር?»

«ጣውንቴን? ከእኔ ይልቅ እሱን ነበር የሚያቅፈው። ይገድልሃል እለው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ይኸው ደረሰ።»

«ቢጫ አበባ ያለበት ሰማያዊ ልብስ ነበረሽ?»

ሴትየዋ ደነገጠች። «ቀሚሴ ነበር። ጨርቅ አለቀብኝ ብሎ ሲነዘንዘኝ እኔው ቀድጄ ሰጠሁት። ምነው?»

«እንዲሁ ነው። ትናንት የት ነበርሽ?»

«ልብስ ስፌት ቤት፣ ሥራዬ ላይ። ከባልደረቦቼ ጋር እያለሁ ነው መጥተው የጠሩኝ።»

ታናሽ ወንድሙ ግቢው ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። የሰው መኪና እየነዳ የሚያድር፣ በየውድድሩ ገብቶ እየተሸነፈ የሰፈር መሳቂያ የሆነ ጎልማሳ ነው።

«በሩ ጋ ስደርስ ሞተሩ እንደ አንበሳ ያገሳ ነበር» አላት። «ድንገት ጓ! አለ። ሮጬ ስገባ ወድቋል። ቁልፉን አጠፋሁና ጮህኩ፤ ጎረቤት መጣ። ያ በያጅ ነው ወንድሜን የበላው!»

«ትስማሙ ነበር?»

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። እሱ መሥራት፣ እኔ መንዳት። እሁድ በዚህ መኪና ልወዳደር ነበር እኮ።»

ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት ጫማ ሰፊ ነው። «ጓ! ጓ! ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸት» አላት።

«ሞተርስ ሰምተሃል?»

«ሞተር ነው የገደለው አሉ አይደል?»

«እነሱ ያሉትን ተወው፤ የራስህን ጆሮ ነው የጠየቅኩህ።»

ሰውዬው መርፌውን አስቀምጦ አሰበ። «አሁን ስትይኝ... ሞተርስ አልሰማሁም።»

በያጁን እስር ቤት ምግቡን ሳይነካ ነው ያገኘችው። አይኑ አብጧል።

«ይኼ እጅ ነው የገደለው» አላት፣ እጁን ዘርግቶ። «ልጆቼን በዚሁ እጅ ነው የማበላቸው። ብፈታም ከእንግዲህ አልበይድበትም። ጓደኛዬን የገደለ እጅ ነው።»

«ትናንት ስትለያዩ ምን አለህ?»

«አጉራሹን ልፈታው ነው አለኝ። ያን ሁሉ ወር ለፍተንበት! ሞተሩ አርጅቷል፣ ይህን ሁሉ አየር አይችልም፣ ይፈነዳል፤ ወንድሜን እዚህ ውስጥ አላስቀምጥም አለ። ሲመጣ እነግረዋለሁ ብሎ ነበር። እኔ ከሄድኩ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው ብሎ አስነሥቶት ይሆናል፤ ያኔ ነው ብየዳዬ የከዳው።»

«የማሽኑ አፍ ላይ ጨርቅ የምትወትፉት ለምንድን ነው?»

«ብሎን እንዳይገባበት ነዋ። ሲሠራ ይወተፋል፣ ከማስነሣት በፊት ይወጣል። ትናንትም ስለየው ተወትፎ ነበር።»

«ሳይወጣ ቢያስነሡትስ?»

«በየት በኩል ይተነፍሳል? ወይ አይነሣም፣ ወይ ጨርቁን ውጦ ይቦጫጭቀዋል።»

መርማሪዋ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። «ብላ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትየው ወንበር ተሰጣቸው። ሚስትየው አጠገባቸው ቆመች። በያጁ በካቴና መጣ፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ታናሽ ወንድሙ በሩን ተደገፈ።

«እስቲ የነገርከኝን ድገምልኝ» አለችው።

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ሞተሩ ሲያገሳ ሰማሁ። ጓ! አለ። ቁልፉን አጠፋሁ።»

መርማሪዋ እጇን ወደ አጉራሹ አፍ ሰድዳ ጨርቁን መዘዘችው። አንድ ክር እንኳ አልተነካም።

«ቀሚሴ!» አለች ሚስትየው።

«ሞተሩ የሚተነፍሰው በዚህ አፍ ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ፣ በደከመ ድምፅ። «ይህን ጎርሶ አይነሣም፤ ቢነሣም ጨርቁ እንዲህ ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ ትናንት ሞተሩ አልተነሣም። ካልተነሣ ፑሊው አልዞረም። ያልዞረ ፑሊ ተፈናጥሮ ሰው አይገድልም። ከኋላ በእጁ ይዞ የመታው ሰው ነው።»

«በኋላ ማንም ሊወትፈው ይችላል!»

«መቼ? አንተ ጮህክ፣ ጎረቤት ገባ፣ ፖሊስ መጣ፣ በሩ ታሸገ።» ወደ በያጁ ዞረች። «ና፣ ብየዳህን እየው።»

በያጁ እየፈራ ተጠጋ። በታሰረ እጁ ስብራቱን ዳሰሰ፤ ደግሞ ዳሰሰ።

«ብየዳው ይዟል» አለ። «የተሰበረው ጎኑ ያለው ብረት ነው።»

«አዎ፤ የመዶሻ ምትም ይኸው። ጎረቤት የሰማው ይህንን ነው። አደጋ ለማስመሰል ማቀፊያውን የሰበረው ሰው ጨርቁን ልብ አላለም። በያጁ ቢሆን ያወጣው ነበር፤ ሲወተፍ አይቷል፣ ለምን እንደሚወተፍም ያውቃል። ሚስቱ ሥራ ቦታ ነበረች። ያልተነሣ ሞተር ሰማሁ፣ ያልተከፈተ ቁልፍ አጠፋሁ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። መንዳት እንጂ መሥራት የማያውቅ ሰው።»

እናትየው ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሊፈታው ነበር!» አለ ልጁ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ለሰፈሩ ሁሉ እሁድ አሸንፋለሁ ብዬ አውርቼ! አትነዳውም አለኝ። ፑሊውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሌላውን ብሎን ይፈታ ነበር። አንዴ ነው የመታሁት፤ እማዬ፣ አንዴ ብቻ! ቀንቶብኝ ነው አትነዳውም ያለኝ።»

«ሞተሩ እንዳይፈነዳብህ ነው» አለ በያጁ። «‹ወንድሜን እዚህ ውስጥ አላስቀምጥም› ነው ያለኝ።»

ልጁ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ካቴናው ከበያጁ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ እጅ ገባ። ሲወስዱት እናትየው አልጮሁም። በያጁ ነጻ ነህ ቢባልም አልሄደም፤ መጥቶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እማማ፣ ምነው በእኔ ብየዳ ሞቶ በሆነ!» አላቸው እያለቀሰ። «እኔ እታሰር ነበር፤ ለእርስዎ ግን አንድ ልጅ ይቀርልዎት ነበር።»

እናትየው እጁን ያዙት።

«ሂድ ልጄ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል» አሉት።

እጁን ግን አልለቀቁትም።